ጉልበተኛውን ዓሣ ምን እናድርገው? የአኳሪየም ጠብ መፍትሔዎች ሲነጻጸሩ

በጋራ አኳሪየም፣ ማለትም ልዩ ልዩ ዓሦች አብረው በሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ አንዱ ዓሣ ሌሎቹን ማሳደድ ሲጀምር የሁላችንም ዓይን አሳዳጁ ላይ ያርፋል። እኔ ግን መጀመሪያ ተሳዳጁን እዩት እላለሁ። ምግብ ሲጣል ይመጣል? ጅራቱ ተቦጭቋል? ከሂተሩ (ከውሃ ማሞቂያው) ጀርባ ወይም ከውሃው አናት ጥግ ላይ ተለጥፎ ይውላል? ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? የትኛውን መፍትሔ እንደምትመርጡ የሚወስነው እሱ ያለው ጊዜ ነው። ክንፉ ሙሉ ሆኖ የሚበላ ዓሣ ሳምንት ሊጠብቃችሁ ይችላል። መብላት ያቆመው ግን ነገን ላያይ ይችላል።

ይህን ያስቀደምኩት መፍትሔዎቹ የሚለያዩት በወጪ ብቻ ስላልሆነ ነው። አንዱ በአንድ ሰዓት ይሠራል፣ ሌላው ሳምንታት ይፈልጋል። አንዱ ለአንጀልፊሽ ጥሩ ሆኖ ለታይገር ባርብ ምንም አይፈይድም።

ሌላም ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ምክር አብዛኛው መብራት ለማይጠፋበትና ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። የጎጃም ሁኔታ ይለያል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ታልፋለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅንም አብሮ ይቀንሳል። በእኩል ሙቀት ባሕር ዳር ያለ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክሲጅን ነው የሚይዘው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጉድለቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ሲባረር የዋለ ዓሣ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጠብ ቶሎ ይገድላል። ውሃውን በዓሣ የሚያጨናንቁ መፍትሔዎችም ለእኛ አደገኛ ናቸው።

ጠቡ ከየት መጣ?

መፍትሔ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ለዩ። ጊዜ አይፈጅም። ወንበር ስባችሁ ከአኳሪየሙ ፊት ትንሽ ቆዩና ማን ማንን፣ የት ቦታ ላይ እንደሚያባርር ተመልከቱ።

የሚያባርረው አንድ ቦታ ሲቀርቡት ብቻ ከሆነ ቦታውን እየጠበቀ ነው። ጸጥተኛ የነበረ አንጀልፊሽ በድንገት ከተለወጠ እንቁላል ፈልጉ። ሰፊ ቅጠል ላይ፣ የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ቱቦ ላይ ወይም መስታወቱ ላይ ተደርድሮ ታገኙት ይሆናል። ጥንዶቹ ያንን እየጠበቁ ነው፤ ባሕርያቸው አልተበላሸም።

ቆሮሶም (ቲላፒያ) እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና የመጣ ትንሽ ቆሮሶ ከጎልድፊሽ ጋር ተቀላቅሎ ማየት አይገርምም። በልጅነቱ ሰላማዊ ነው። ወንዱ ሲደርስ ግን አሸዋውን በአፉ ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል፣ ዙሪያውንም ማንም እንዲቀርበው አይፈቅድም። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጣና ላይ የተባረረው ዓሣ ጥቂት ዋኝቶ ይርቃል፣ ጠቡም እዚያው ያበቃል። አንድ ሜትር በማይሞላ መስታወት ውስጥ መራቂያ ስለሌለ አሳዳጁ ያሸነፈ አይመስለውም፤ ማባረሩን ይቀጥላል።

ክንፍ የሚቦጭቅ ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። ታይገር ባርብ ቦታ አይጠብቅም። በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፤ መንጋው በቂ ሲሆን እርስ በርሱ ይነካካል፣ ደረጃውን ይለያል። ሁለት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ግን ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ በተለይ ክንፉ ረጅምና አካሄዱ ቀርፋፋ ወደሆነው። ጋፒ፣ ሞሊና ሶርድቴይል ዘንድ ችግሩ ወንዶቹ ሴቶቹን እረፍት መንሳታቸው ነው። ኦስካር ደግሞ አፉ የሚበቃውን ሁሉ ይውጣል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው፣ ጋፒ ለእሱ ምግብ ነው። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ውሃ ውስጥ ማኖር ጭራሽ አይታሰብም።

ዕቃውን ማዘዋወር ወይስ ጉልበተኛውን ማግለል?

ለብዙ ሰው እውነተኛው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሌሎቹ በኋላ ይመጣሉ።

ዕቃ ማዘዋወር ገንዘብ አያስወጣም። ቦታውን የሚጠብቅ ዓሣ ግዛቱን የሚያውቀው በምልክት ነው፦ ይህ ድንጋይ፣ ያ ተክል፣ ያ ጥግ። ምልክቶቹን ስታዛውሩ ግዛቱ ይጠፋበታል። አዲስ ጋጣ የገቡ በሬዎች ማን የት እንደሚቆም እንደገና መለየት እንዳለባቸው ሁሉ ዓሦቹም ከአዲስ ይጀምራሉ። በዚህ መሃል ተሳዳጁ ፋታ ያገኛል።

ሲያዘዋውሩ ብዙዎች የሚዘነጉት እይታን መከለል ነው። ከጉልበተኛው መደበቂያ ፊት ለፊት ሆናችሁ ወደ ሌላኛው ጫፍ ተመልከቱ። ሁሉም ነገር ከታያችሁ እሱም ሁሉንም ያያል ማለት ነው። መሃል ላይ ድንጋይ ከምሩ ወይም ረጅም ተክል አቁሙ። መደበቂያዎቹ ከዓሦቹ ቁጥር ይብለጡ፤ እያንዳንዱም መግቢያና መውጫ ይኑረው። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተሳዳጁ ወጥመድ ይሆንበታል።

ለዚህ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። የተሰበረ ማሰሮ ወይም የጀበና ገል፣ ቀለም ያልተቀባና ሳሙና ያልነካው፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ ጥሩ ዋሻ ይወጣዋል። የሾለውን ጠርዝ በድንጋይ ሞርዱት። የባሕር ዳር አካባቢ ጥቁር ድንጋይ የውሃውን ጠባይ ስለማይለውጥ ይመቻል። ከደጀን በታች ከዓባይ በረሃ የሚመጣው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ግን ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ማዕድን እየጨመረ ውሃውን ያጠጥረዋል። ሞሊና የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ይህን ይወዱታል፤ አንጀልፊሽ አይወደውም። ካልለያችሁት ድንጋዩ ላይ አቼቶ አንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው።

የማዘዋወር ድክመቱ አለማዛለቁ ነው። በጠባብ አኳሪየም ጉልበተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲሱን ቦታ ይለምድና እንደገና ይገዛዋል። ለታይገር ባርብና ለኦስካርም አይሠራም፤ የእነሱ ጉዳይ ከቦታ ጋር አልተያያዘም።

ማግለል ከዚህ ይጠነክራል። እዚህ ላይ ሰው ልቡ የሚያዝነው ለተጎዳው ስለሆነ የሚያወጣው ተጎጂውን ነው። ቁስል ካለው ለሕክምና ማውጣቱ ትክክል ነው። ያልቆሰለ ከሆነ ግን ጉልበተኛውን አውጡ። ተጎጂው ሲወጣ ጉልበተኛው ግዛቱን እንደያዘ ይቀርና ሌላ ተሳዳጅ ይመርጣል። ጉልበተኛው ሲወጣ ግን የቀሩት ይረጋጋሉ፣ ቦታ ይከፋፈላሉ። ከ4 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ሲመለስ እንግዳው እሱ ይሆናል።

የት ይቆይ? ትንሽ ዓሣ ከሆነ እዚያው አኳሪየም ውስጥ በሚንጠለጠል የመረብ ሳጥን ቢቆይ እመርጣለሁ። ውሃው ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ ፊልተሩም ያው ነው። በተለይ ለደብረ ማርቆስና ለዳንግላ ብርዳም ሌሊት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሁለተኛ ሂተር አያስፈልግም። ለሳጥን የማይበቃ ትልቅ ዓሣ ባልዲ ወይም ሳፋ ይፈልጋል። ውሃውን ከአኳሪየሙ ቅዱለት፣ የአየር ፓምፕ አስገቡለት፣ መረብ ክደኑበት፤ ዓሣ ይዘላል። ባልዲው ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላላ ባክቴሪያ ስለሌለ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይጠራቀማል። በየቀኑ አንድ ሦስተኛውን ውሃ ቀይሩለት፣ ምግቡንም ቀንሱለት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት 24 ሰዓት ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቦታ ለሚጠብቅ ዓሣ ሁለቱን አታማርጡ፣ አንድ ላይ አድርጓቸው። ጉልበተኛውን አውጡ፣ በዚያው ቀን ዕቃውን አዘዋውሩ፣ በሳምንቱ መልሱት፣ ሲመለስም መብራቱን አጥፉ። አብረው ሲደረጉ የሚሰጡት ውጤት ለየብቻ ከሚሰጡት በብዙ ይሻላል። ከዚህ በኋላም ጠቡ ከቀጠለ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አትሞክሩ። ያ ዓሣ ሌላ ቤት ያስፈልገዋል።

እንቁላል ያላቸው ጥንዶች ግን ለዚህ አይመቹም። አንዱን ከሌላው መለየት ጥንዱን ያፈርሳል፤ ሲመለስም እርስ በርስ ሊጣሉ ይችላሉ። የአንጀልፊሽ እንቁላል በ2 ወይም በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹም ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው መዋኘት ይጀምራሉ። ሌሎቹ መሸሻ ካላቸው መታገስ ይቻላል። ነገር ግን እንደገና ይጥላሉ። የተጣመሩ አንጀልፊሾች ውሎ አድሮ የራሳቸው አኳሪየም ይሻቸዋል።

መከፋፈያ

ቀዳዳ ካለው ፕላስቲክ ወይም ከማይዝግ ወንፊት ቆርጦ አኳሪየሙን ለሁለት መክፈል ጥሩ ጎን አለው፦ ጠቡ በዚያችው ደቂቃ ያበቃል። ተጎጂው መብላት ካቆመና ሌላ ዕቃ ከሌላችሁ ይህን አድርጉ። ቀዳዳው ውሃ እንዲያሳልፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሂተሩ ያለበት ክፍል ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ ፊልተር የሌለበትም ይታፈናል። ከታች ጠጠሩ ውስጥ ቅበሩት፣ ከላይ እስከ ክዳኑ አድርሱት። ቆሮሶ በጉልበቱ ይገፋዋል።

ግን ለዘለቄታው አልመክረውም። 60 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም ለሁለት ሲከፈል ለማንም የሚበቃ ቤት አይሆንም። ጉልበተኛው በወንፊቱ በኩል ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥ፣ ተሳዳጁም ሲሸሽ ይኖራል። አዲስ ቤት እስኪገኝ ድረስ ያገልግል።

ቁጥር መጨመር

ለታይገር ባርብ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። 3 ካሏችሁ 8 እና ከዚያ በላይ አድርጓቸው፣ ጠባቸው በመካከላቸው ይቀራል። ረጅም ክንፍ ያለውን ዓሣ ግን ያኔም አብሯቸው አታስቀምጡ። የማላዊ ሐይቅ ዓሦችን የሚያረቡ ሰዎችም ሆን ብለው ያጨናንቃሉ። ብዙ ሲሆኑ ጉልበተኛው አንዱን ለይቶ ማሳደድ አይችልም፤ ዱላው ለሁሉም ይከፋፈላል።

ይህ ምክር እኛ ጋ ሲደርስ መብራት ላይ ይወድቃል። 60 በ30 በ30 የሆነ አኳሪየም ቢሞላ 54 ሊትር ነው፤ ጠጠርና ድንጋይ ሲገባበት ከዚያም ያንሳል። እዚያ ውስጥ ዓሣ አጨናንቃችሁ ፊልተሩ ለሰዓታት ቢቆም፣ ከመነሻው ያነሰ ኦክሲጅን የያዘው የጎጃም ውሃ ቶሎ ያልቅበታል። ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ሲጎርሱ ካያችሁ ውሃው ኦክሲጅን እያለቀበት ነው። የፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም በኦክሲጅን እጦት ይሞታሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌላችሁ ይህን መንገድ አትምረጡ። አኳሪየሙ 100 ሊትር ካልደረሰም እንዲሁ።

ለጋፒና ለሞሊ በተለምዶ የሚባለው ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ማድረግ ነው። እኔ ሴት ከመጨመር ወንድ መቀነስን እመርጣለሁ። ሴቶቹ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይወልዳሉ፤ ሴት የጨመረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ የመጨናነቅ ችግር ይገጥመዋል።

ሙቀትና ምግብ

እነዚህ ለብቻቸው ጠብ አያስቆሙም፣ ግን ሌላውን መፍትሔ ያግዛሉ። ውሃ ሲሞቅ ዓሣ ይነቃቃል፣ ለመራባትም ይነሳሳል። ሂተሩ 28 ዲግሪ ላይ ከሆነ ቀስ በቀስ ወደ 25 አውርዱት። ቤቱ ብርዳም ከሆነ ዓሦቹ ሁሉ ሂተሩ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ያ ጥግም የጠብ ቦታ ይሆናል። ሂተሩን ከፊልተሩ መውጫ አጠገብ አድርጉት፣ ሙቀቱ ይሰራጫል። ምግብ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ ጣሉ። ጉልበተኛው ሁለት ቦታ መሆን አይችልም።

ትልቅ አኳሪየም መግዛት

100 በ40 በ40 የሆነ አኳሪየም 160 ሊትር ይይዛል። ከትንሹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ነው። መስታወት ቤት ስታሠሩ ከቁመቱ ይልቅ ለርዝመቱ ክፈሉ፤ የሚሸሽ ዓሣ የሚጠቅመው ወደ ጎን ያለው ርቀት ነው። ውሃው ብቻ 160 ኪሎ ስለሚመዝን ማስቀመጫው ጠንካራ ይሁን። አሮጌውን ስፖንጅ ወደ አዲሱ ፊልተር አዛውሩት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እስኪያድግ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

ገንዘቡ የሚያዋጣው መቼ ነው? ጉልበተኛው ሲያድግ ከ15 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ከሆነና ችግሩ ቦታ ማጣት ከሆነ ነው። ለኦስካርና ለቆሮሶ ብላችሁ 160 ሊትር ከገዛችሁ ግን ጠቡን ለወራት ማራዘማችሁ ነው። ቆሮሶ በተፈጥሮው ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል ዓሣ ነው። ይህን ገንዘብ አታውጡ።

ማሰናበት

አንድ ካፌ ያላት እህት ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቃኝ ነበር። "ወንድምዓለም፣ ቆሮሶው ሌሎቹን ጨረሰብኝ። ከጣና ነው የመጣ፣ ወደ ጣና ልመልሰው?" አለችኝ። "እታለም፣ እሱንስ አታድርጊው" ነው ያልኳት። ምክንያቱን እዚህም ልናገር፤ ምክንያቱም ከሁሉም ምርጫዎች ቀላልና የዋህ የሚመስለው ይህ ነው፣ ከሁሉም የከፋውም ይኸው ነው።

ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ወንዝ ስለለያቸው ለብቻቸው የተፈጠሩ ናቸው። ጎልድፊሽና ነጭ ዓሣ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ከውጭ የገባ ጎልድፊሽ የያዘው ጥገኛ ተሕዋስ ወይም በሽታ ለነጭ ዓሣውም ሊተርፍ ይችላል። ቆሮሶው ትውልዱ ጣና ቢሆንም ከጎልድፊሽ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ ከርሟል፤ ይዞት የሚመለሰውን በዓይን ማየት አይቻልም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን አይተናል። አንዴ የገባ ነገር በስንት ሰው ጉልበት እንኳ አይወጣም። ዓባይም፣ አንዳሳም፣ ሌላ ወንዝም ጭምር ያው ነው። የአኳሪየሙን ተክልና ውሃ ሳይቀር ወደ ሐይቁ አትድፉ፤ መሬት ላይ፣ ከወንዝ ራቅ አድርጋችሁ አፍስሱት።

ታዲያ ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ ዓሣውን የሸጠላችሁን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ መልሰው ይቀበላሉ። ቀጥሎ ተመሳሳይ ዓሣ የሚያረባ ሰው ፈልጉ። ቆሮሶ ከሆነ ከወንዝና ከሐይቅ ጋር የማይገናኝ የግቢ ገንዳ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ካልተገኘ ቆሮሶ ምግብ ነው፤ በቅርቡ መድኃኒት ያልገባበት ከሆነ ማረድ ነውር የለውም፣ ወደ ሐይቁ ከመልቀቅ በብዙ ይሻላል። ለሚቀበለው ሰው ጠባዩን ሳትደብቁ ንገሩት። "ጸጥተኛ ነው" ብሎ መስጠት ጠቡን ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ ነው።

የቆሰለውን ዓሣ ደግሞ ለብቻው በሌላ ዕቃ፣ በሊትር 1 ግራም ጨው በተሟሟበት ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ቀናት አቆዩት። ተክሎች ጨው አይወዱም፣ ስለዚህ አኳሪየሙ ውስጥ አትጨምሩት። የተቦጨቀ ክንፍ ውሃው ንጹሕ ከሆነ መልሶ ያድጋል። ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ይዞታልና በየቀኑ ውሃውን ቀይሩለት።

ጉልበተኛው ራቅ ወዳለ ከተማ የሚሄድ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ምግብ አትስጡት፤ በመንገድ ላይ ውሃውን እንዳያቆሽሽ ነው። ከረጢቱን አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርጉት፣ በሁለተኛ ከረጢትም ሸፍኑት። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱም ወደ ከፍታ ይወጣል። ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሰፋ ከረጢቱ ይነፋል፤ ተወጥሮ እስኪጮህ ድረስ አትሙሉት። ፀሐይ በማያገኘው ካርቶን ውስጥ ይጓዝ። ተቀባዩ ከረጢቱን ሳይከፍት አኳሪየሙ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያንሳፍፈው፣ ከዚያ የራሱን ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምርበት፣ መጨረሻ ላይ ዓሣውን በመረብ ያውጣው። የከረጢቱን ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ አይጨምረው።